ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም፦ የሞተር ሳይክል የዘይት ፊልትሮ አመራረጥ

የዘይት ፊልትሮ ሊገዛ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። "ይገጥማል ወይ?" አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያስተያያል። ቁመታቸው ይቀራረባል፣ ቀዳዳቸው ይመሳሰላል፣ በእጅ ሲያዞሩት ጥርሱን ይዞ ይገባል። ሞተሩ ይነሳል፣ ዘይት አያንጠባጥብም። በቃ፣ ገጠመ።

እኔም ለረጅም ጊዜ ጉዳዩ ከዚህ የሚያልፍ አይመስለኝም ነበር። ሐሳቤን የቀየረው አንድ አሮጌ ፊልትሮ ቆርጬ ውስጡን ያየሁበት ቀን ነው። ከውጭ ሲታይ ምንም አልነበረበትም። ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። ውስጡ ያለው ወረቀት ግን ወደ መሃል ተጨራምቶ ከዳሩ ተላቆ ነበር። ዘይቱ ሲያልፍ የከረመው በወረቀቱ ውስጥ ሳይሆን በተላቀቀው ክፍተት በኩል ነው። ያ ፊልትሮ ሥራውን ካቆመ ቆይቷል ማለት ነው። ገጥሞ ነበር፤ ከሞተሩ ጋር ግን አልተስማማም ነበር። ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ዘይቱ ይዞት የሚዞረው ቆሻሻ

መኪና ላይ የሞተር ዘይት በአብዛኛው የሚያገለግለው ሞተሩን ብቻ ነው። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው። አብዛኛው ሞተር ሳይክል ላይ ግን አንዱ ዘይት ሁሉንም ያዳርሳል። ፒስተኑን ያቀዘቅዛል፣ የማርሹን ጥርሶች ያለሰልሳል፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮንም እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። ስኩተሮችና አንዳንድ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ከዚህ ይለያሉ።

ስለዚህ ዘይቱ የሚሰበስበው ቆሻሻ ብዙ ዓይነት ነው። ከቃጠሎ የሚመጣ ጥቀርሻ አለ። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ከጥርሶቹ የሚላጭ የብረት ብናኝ አለ። ከፍሪሲዮን ሸራ የሚረግፍ ጥቁር ዱቄት አለ። በአየር ማጣሪያው አምልጦ የገባ አቧራም አለ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ ትንሽ ዘይት ነው። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች የሚይዙት 1 ሊትር አካባቢ ነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ 3 ወይም 4 ሊትር ቢይዙ ነው።

አሁን መጠኑን እናስበው። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። በክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኑ በሚያዞረው ዋና ዘንግ) እና በብሮንዚናው (ዘንጉ በሚዞርበት የብረት መቀመጫ) መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ግን ሞተሩ ጭነት ላይ ሲሆን ጥቂት ማይክሮን ብቻ ሊሆን ይችላል። በጣም ደቃቁ ቅንጣት በሽፋኑ ውስጥ ምንም ሳይነካ ያልፋል። ትልቁ ቅንጣት ለመግባት ይከብደዋል። ክፉው መካከለኛው ነው። ከሽፋኑ ውፍረት ጋር የሚቀራረበው ቅንጣት ሁለቱንም ብረት እየነካ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። በዓይን አይታይም። ጣታችሁ ላይ ዘይቱን ብታሹትም አይታወቃችሁም። ፊልትሮ የተሠራው እሱን ለመያዝ ነው።

መጀመሪያ፣ ሞተራችሁ ፊልትሮ አለው ወይ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በዓለም ላይ በብዛት ከተቀዱ ትንንሽ ሞተሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ነው። ይህ ሞተር የሚለወጥ የወረቀት ፊልትሮ የለውም። ያለው የሽቦ ወንፊትና ከክራንክ ሻፍቱ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ጎድጓዳ ነገር ነው። ዘይቱ እዚያ ውስጥ ሲዞር ከባዱ ቆሻሻ ወደ ዳር እየተገፋ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ለእንዲህ ያለ ሞተር ፊልትሮ ፍለጋ መንከራተት ትርፉ ድካም ነው። የሚያስፈልገው ወንፊቱን ማጠብ፣ ክዳኑን መክፈትና የተጋገረውን ጥቁር ጭቃ መጥረግ ነው። ወረቀት ስለሌለውም ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ይሆናል።

ፊልትሮ ያላቸው ሞተሮች ደግሞ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ቆርቆሮው ራሱ ከውጭ የሚታይና ብሎን ላይ የሚዞር ነው። ሁለተኛው ወረቀቱ ብቻ ለብቻው የሚሸጥ፣ ካርተሩ (የሞተሩ የብረት አካል) ውስጥ ባለ ጎድጓዳ ቤት ገብቶ በክዳን የሚዘጋ ነው። አንዳንድ የኬቲኤም ሞተሮች ሁለት ፊልትሮ አላቸው። አንዱን ብቻ ቀይሮ የሚሄድ ሰው አለ፤ ሁለተኛው መኖሩን ስለማያውቅ ነው።

ጥርስና ጎማ

ቆርቆሮው ፊልትሮ ላይ የመጀመሪያው መስማማት ያለበት ነገር የብሎኑ ጥርስ ነው። ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ካዋሳኪና ሱዙኪ በብዛት የሚጠቀሙት 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ነው። በአንዱ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ሃርሊ ዴቪድሰኖች ላይ ያለው ብሎን ግን በኢንች የተሠራ ነው። ውፍረቱ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ደግሞ 16 ጥርስ አለው። ወደ ሚሊ ሜትር ሲቀየር ውፍረቱ 19.05፣ የጥርሱ ርቀት 1.59 ገደማ ይመጣል።

በዓይን ለመለየት ይከብዳል። ለ20 ሚሊ ሜትር የተሠራ ፊልትሮ 19.05 በሆነው ብሎን ላይ ላላ ብሎ ይዞራል፤ የያዘም ይመስላል። የያዘው ግን በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። ዘይቱ ግፊት ሲኖረውና ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል። ዘይቱ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። የኋላ ጎማ ላይ ነው የሚፈሰው። ስለዚህ ፊልትሮ ሲዞር ከወትሮው የላላ ከመሰላችሁ ወይም ሁለት ዙር ሳይሄድ ከጠበቀ፣ እዚያው አቁሙ። ማስገደድ የለም።

ሁለተኛው ዙሪያውን ያለው የጎማ ቀለበት ነው። ይህ ቀለበት ሞተሩ ላይ ባለው ልስልስ ፊት ላይ ሙሉ በሙሉ ማረፍ አለበት። ጥርሱ ትክክል ሆኖ ቀለበቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ከፊሉ ከፊቱ ውጭ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ላይ አያፈስም። ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝና ሲንቀጠቀጥ ግን አንድ ቀን ይለቃል።

ከውጭ የማይታየው ቫልቭ

የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው። እኔ ያየሁት የተጨራመተ ወረቀትም የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ጠዋት ሞተር ስታስነሱ ፓምፑ ያንን ወፍራም ዘይት ወደ ፊልትሮው ይገፋል። ወረቀቱ ቶሎ አያሳልፈውም። ወረቀቱ በቆሻሻ ሲሞላም ያው ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት አማራጭ አለ። ወይ ሞተሩ ዘይት ያጣል፣ ወይ ዘይቱ ሳይጣራ በሌላ መንገድ ያልፋል። የሞተር ሠሪዎች ሁለተኛውን መርጠዋል፤ ትክክልም ናቸው። የቆሸሸ ዘይት ሞተሩን በዓመታት ይጎዳል። ዘይት ማጣት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድለዋል።

ይህን አቋራጭ የሚከፍተው ባይፓስ ቫልቭ ይባላል። በወረቀቱ ፊትና ኋላ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሞላው ተጨምቆ ቫልቩ ይከፈታል። መጠኑ ከፊልትሮ ፊልትሮ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ 1 ባር አካባቢ ነው። ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ቫልቩ ይዘጋና ማጣራቱ ይቀጥላል።

ችግሩ የቫልቩ ቦታ በሁሉም ሞተር አንድ አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ሞተር ባይፓሱን ካርተሩ ውስጥ ወይም የፊልትሮውን ቤት በሚያስረው ብሎን ውስጥ ይዟል። ሌላው ደግሞ ቫልቩ ፊልትሮው ውስጥ እንዲኖር ይጠብቃል። ይህን የሚጠብቅ ሞተር ላይ ቫልቭ የሌለው ፊልትሮ ሲገባ ወፍራሙ ዘይት መውጫ ያጣል። ወረቀቱ ሙሉውን ግፊት ይሸከማል። ይጨራመታል፣ ከዳሩ ይላቀቃል ወይም ይቀደዳል። በተቃራኒው ቫልቩ ገና በትንሽ ግፊት የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ዕድሜውን በሙሉ በከፊል ያልተጣራ ዘይት ይሠራል። ሁለቱም ፊልትሮዎች ከውጭ አንድ ናቸው። ሁለቱም "ይገጥማሉ"።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። በቆርቆሮው ውስጥ፣ ከዳር ካሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በስተጀርባ፣ ስስ ጎማ ታገኛላችሁ። በቀዳዳው አጮልቃችሁ በእንጨት ስንጣሪ ብትነኩት ይሰማችኋል። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ተመልሶ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚያግደው እሱ ነው። ፊልትሮው በጎኑ ወይም ወደ ታች ተደፍቶ የሚታሰር ከሆነ ይህ ጎማ ወሳኝ ነው። ጎማው ከደረቀ በሚቀጥለው ቀን ፓምፑ መጀመሪያ ባዶውን ቆርቆሮ መሙላት አለበት። እስከዚያ ድረስ ላይ ያሉት ክፍሎች ያለ ዘይት ይፋጫሉ። የዘይት መብራቱ ጠዋት ጠዋት ከወትሮው ዘግይቶ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ከሲሊኮን የተሠራው ጎማ ሙቀት የተሻለ ይችላል፤ ለብዙ ጊዜም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

"የበለጠ ደቃቅ" ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም

ማስታወቂያ የሚወደው ቁጥር ማይክሮን ነው። "20 ማይክሮን ያጣራል" ይላል ሳጥኑ። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከ20 ማይክሮን ቅንጣቶች ግማሹን ለሚይዝም፣ ሁሉንም ሊባል በሚችል ደረጃ ለሚይዝም ያው ቁጥር ሊጻፍ ይችላል።

ትርጉም ያለው መለኪያ ቤታ የሚባለው ነው። አይኤስኦ 4548-12 በሚባለው የሙከራ ደረጃ አቧራ የተቀላቀለበት ዘይት በፊልትሮው ውስጥ ደጋግሞ ይዞራል። ቅንጣቶቹ ከመግባታቸው በፊትና ከወጡ በኋላ ይቆጠራሉ። 75 ገብተው 1 ብቻ ካመለጠ ቤታ 75 ይባላል። ይህ 98.7 በመቶ መያዝ ነው። ከ2 አንዱ ካመለጠ ደግሞ ቤታ 2፣ ማለትም 50 በመቶ ነው። ስለዚህ ማይክሮንና መቶኛ አብረው የተጻፉበትን ሠሪ አምነዋለሁ። ማይክሮን ብቻ የሚጽፈውን ግን ብዙም አልሰማውም።

ደግሞም ማጣሪያው በደቀቀ ቁጥር ዘይት ለማሳለፍ ይከብደዋል፣ ቶሎም ይሞላል። ሲሞላ ባይፓሱ ይከፈታል። ያኔ ያ ሁሉ ድቀት ዋጋ የለውም፤ ዘይቱ ሳይነካው እያለፈ ነው። ጥሩ ፊልትሮ የሚለየው በሚዛኑ ነው። በቂ ድቀት፣ በቂ የወረቀት ስፋት። ወረቀቱ እንደ ቀሚስ ሽንሽን የሚታጠፈው ለዚህ ነው፤ በትንሽ ቦታ ሰፊ ወረቀት እንዲገባ። ሽንሽኑ ተራርቆ፣ አንዱ ጠቦ ሌላው ሰፍቶ ካያችሁት የወረቀቱ መጠን ላይ ተቆጥቧል ማለት ነው።

የተለመደው ወረቀት ከእንጨት ጭረት ይሠራል። ለመደበኛ አነዳድ፣ በጊዜው ከተቀየረ፣ ይበቃል። የሰው ሠራሽ ጭረት ያለበት ደግሞ ቆሻሻ የበለጠ ይይዛል፣ እርጥበትም አያደክመውም። ሞተራችሁ በአጭር በአጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ በደንብ ሳይተን ስለሚቀር ለእናንተ ሰው ሠራሹ ይመረጣል። እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል የብረት ወንፊት ፊልትሮም አለ። ብዙዎቹ የሚይዙት ከ30 እስከ 40 ማይክሮን ያለውን ነው። ለውድድር፣ ዘይት በየጥቂት ሰዓቱ ለሚቀየርበት ሞተር፣ ተገቢ ነው። ለዕለት ተዕለት መንገድ ግን አልመክረውም። አስተጣጠቡ ላይ ትንሽ ቸልታ ከገባ ቆሻሻው ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ነው የሚገባው።

ወረቀቱ ብቻ የሚለወጥበት ሞተር

እዚህ ከምርጫው እኩል አገባቡ ይወስናል። ብዙዎቹ ወረቀቶች አንዱ ጎናቸው ክፍት፣ ሌላው ድፍን ነው። በአብዛኛው ክፍቱ ጎን ወደ ሞተሩ ይዞራል። ተገልብጦ ቢገባም ክዳኑ ይዘጋል፤ ምንም የተለየ ነገር አይሰማም። ዘይቱ ግን መንገዱ ይዘጋበታል። እንዲህ ሆኖ ተነድቶ የተበላሸ ሞተር ጥቂት አይደለም። አሮጌውን ስታወጡ ገና ሳታጸዱት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሞላው ከየት በኩል ነበር? ትንሿ ዋሸር ከሞላውና ከወረቀቱ መካከል ነበረች ወይ? ብዙ ጊዜ ዋሸሯ አሮጌው ወረቀት ላይ ተጣብቃ አብራ ትጣላለች። እሷ ከጠፋች ሞላው አዲሱን ወረቀት ይበሳዋል። ኦሪንጎቹንም (የክዳኑን የጎማ ቀለበቶች) ከፊልትሮው ጋር አብሮ መቀየር ነው።

የመኪና ፊልትሮስ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ጥርሱ አንድ የሆነ የመኪና ፊልትሮ በእርግጥ አለ፤ ያለ ችግር የሚጠቀሙበትም አሉ። ግን የባይፓሱ መጠን ሊለያይ ይችላል። ቁመቱ ከማርሚታው ቧንቧ ጋር ሊያገናኘው ወይም ከመሬት ሊያቀርበው ይችላል። ሞተር ሳይክል ላይ ፊልትሮው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት፣ ለጠጠር ተጋልጦ ነው የሚቀመጠው። ሁሉንም መለኪያ አመሳክሬ ትክክል ነው የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም። በዓይን ብቻ ያመሳሰለውን ግን ተው እለዋለሁ።

ትክክለኛውን ማግኘት

አሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱን እናንተም ትቀጥሉበታላችሁ። መነሻው የሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ ነው። ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ዓመትና ሞተሩ ላይ የታተመውን መለያ ይዛችሁ ፈልጉ። አንድ ስም ያለው ሞተር ሳይክል በየዓመቱ ውስጡ ሊቀየር ይችላል። ሌሎች ፊልትሮ ሠሪዎች የየራሳቸው የማመሳከሪያ ዝርዝር አላቸው። ለምሳሌ የሃይፍሎፊልትሮ "ኤችኤፍ 204" ለብዙ የሆንዳ፣ የካዋሳኪና የያማሃ ሞዴሎች ይሆናል። "ለብዙ" ማለት ግን "ለሁሉም" ማለት አይደለም።

አስመስሎ የተሠራውን በሳጥኑ መለየት አስቸጋሪ ነው። ፊልትሮውን አውጡት። የጎማው ቀለበት ጎድጎዱ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ተቀምጧል? ጥርሱ ላይ የብረት ፍርፋሪ አለ? በመሃሉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ብርሃን አብሩ። ሙጫ ተዝረክርኮ፣ ወረቀቱ ዘሞ ከታያችሁ መልሱት። ስታወዛውዙት ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለም እንደዚያው።

ሲታሰር

አሮጌው ሲፈታ ጎማው አብሮት መውጣቱን አረጋግጡ። አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱ በላዩ ሲታሰር ሁለት ጎማ ይደራረብና በመንገድ ላይ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ፊቱን በጨርቅ ጥረጉ፣ አዲሱን ጎማ በንጹሕ ዘይት ቀባ አድርጉ፣ በእጅ አስገቡ። ጎማው ፊቱን ከነካ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ ሦስት አራተኛ ዙር የተለመደ ነው። መመሪያው ሌላ ካለ መመሪያው ይበልጣል። ከዚያ ጋዝ ሳትሰጡት ሞተሩን አስነሱ። መብራቱ በጥቂት ሰከንድ መጥፋት አለበት። አጥፍታችሁ ትንሽ ጠብቁና ዘይቱን እንደገና ለኩ፤ ፊልትሮው የራሱን ድርሻ ስለሚጠጣ ደረጃው ይወርዳል።

አሮጌውን ወዲያው አትጣሉት። ቆርቆሮውን በመጋዝ አትቁረጡት፤ የመጋዙ ፍርፋሪ ከሞተሩ ቆሻሻ ጋር ይቀላቀልና ያሳስታችኋል። እንደ ጣሳ መክፈቻ እየዞረ የሚቆርጥ መሣሪያ አለ። ወረቀቱን አውጥታችሁ ጨምቁት፣ ሽንሽኑን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጉት። ጥቁር ለስላሳ ዝቃጭ ከበዛ ፍሪሲዮኑ እያለቀ ሊሆን ይችላል። የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብናኝ ካለ ማግኔት አስጠጉ። የሚሳበው ከማርሽ ወይም ከኩሽኔታ የመጣ ብረት ነው። የማይሳበው ነጣ ያለ ከሆነ አልሙኒየም፣ ወርቃማ ከሆነ ብሮንዝ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሞተር በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር እንዲህ ያለ ብናኝ ማውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ በጥፍር ሊነሳ የሚችል ቁራጭ ካገኛችሁ ግን ሞተሩን እንደገና አታስነሱት፤ ካርተሩ ተከፍቶ ይታይ።